የእንደራሴው ዘመን ቀሚስ፦ ጀርባው አልቋል

የቀሚሱ ጀርባ ተጠናቀቀ፤ እጅጌውና ቅምቅማቱ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ልብስ ለመስፋት የምታስቡ ካላችሁ ድካሙ የት ላይ እንደሚበዛ ቀድማችሁ ብታውቁት ይጠቅማችኋልና እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የመረጥኩት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታመው ልጃቸው እንደራሴ ሆነው ባስተዳደሩበት ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1811 እስከ 1820፣ ይለበስ የነበረውን ቀሚስ ነው። ወገቡ ከጡት ሥር ነው፤ ከዚያ በታች ጉርዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የጥንት ግሪክና ሮም ሐውልቶችን አለባበስ መከተል ፋሽን ስለነበር ነጭና ስስ ጨርቅ ይወደድ ነበር፤ ስመ ጥሩው ከቤንጋል፣ ከዳካ አካባቢ የሚመጣው ሙስሊን ነው። እኔ ከመርካቶ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ስስ ነጭ ጥጥ 4 ሜትር ገዛሁ። የአገራችንን ፈትልም አስቤው ነበር፤ አወራረዱ ያምራል፣ ወገቡ ላይ ሲሸበሸብ ግን ይወፍራል።

ጨርቁን ከመቁረጤ በፊት የውስጥ ልብሱን ሠራሁ። በዘመኑ ከሥር እንደ ሸሚዝ ያለ ልብስ ይለበስና በላዩ ጡትን ወደ ላይ የሚደግፍ፣ በገመድ የሚጠብቅ ሰደርያ ይደረብ ነበር። ልኬታችሁን ይህን ለብሳችሁ ውሰዱ። በዛሬ ጡት መያዣ ላይ የተለካ ወገብ ዝቅ ይላል፤ ወገቡ ዝቅ ካለ ደግሞ የዘመኑ መልክ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀርባው። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ልብሱን የሚሠራው ግን ጀርባው ነው። የትከሻው ስፌት እንደ ዛሬው ትከሻ ጫፍ ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ኋላ ይወርዳል። የጎኑም ስፌት ከብብት ሥር ሳይሆን ከእጅጌው ጀርባ ተነስቶ እየጎበጠ ወደ መሐል ይገባል። ስለዚህ የመሐሉ ቁራጭ ከላይ ሰፋ ብሎ ወገቡ ጋ ሲደርስ ጥቂት ጣት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆርጬ፣ በረዣዥሙ ሸልዬ ለካሁት፤ ስለብሰው ትከሻዬ ራሱ ወደ ኋላ ተሳበ። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ሴቶች ለምን እንደዚያ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ የገባኝ ያኔ ነው።

ስፌቱ ሙሉ በሙሉ በእጅ ነው። ኤልያስ ሃው ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1846 ነውና በእንደራሴው ዘመን የስፌት መኪና ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ክሩን በሰም እየሳብኩ ነው የምሰፋው፤ አይጠላለፍም፣ ቶሎም አይበጠስም። የላዩንና የገበሩን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፌ አንዱን ቁራጭ በሌላው ላይ ደርቤ ሰፋሁ። ይህን ሥራ ከሁሉ ወደድኩት፤ ውስጡም እንደ ላዩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ጉርዱ ከፊት ዝርግ ነው፤ ስፋቱ ሁሉ ከኋላ በዚያች ጠባብ ወገብ ላይ ይሰበሰባል። ሁለት ትይዩ የስፌት መስመር፣ ነጥባቸው ትክክል ለትክክል እንዲሆን አድርጌ ሰፋሁና ክሮቹን አንድ ላይ ሳብኩ። ሽብሽቡ ተደርድሮ ሲቆም እያንዳንዱን እጥፋት ለብቻው ከወገቡ ጋር ያዝኩት። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን በመኪና ተሸብሽቦ የተነፋ ወገብና ይህ አይገናኙም።

የፊቱ አሠራር ቀላል ነው። የገበሩ ሁለት ክንፎች ከውስጥ ጡት ላይ ተደርበው በስፒል ይያዛሉ፤ ከጉርዱ ጋር የተያያዘው የደረት ቁራጭ እንደ ሽርጥ ተነስቶ ትከሻ ላይ ይያዛል፤ ማሰሪያው ወገብ ዞሮ ይታሰራል። ዚፕ የለም፣ ብዙ ቁልፍም አያስፈልግም።

የሚቀጥለው እጅጌው ነው። አጭርና እብጥ ያለ እንዲሆን ወስኛለሁ፤ ሽብሽቡን ግን ከላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አዘንብዬ ነው የማስገባው። በስስ ጥጥ ላይ የክንድ መግቢያውን ሳይለጠጥ የምታቆዩበት መንገድ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ከመቁረጤ በፊት እሞክረዋለሁ።