ድንች ያለ አፈር፦ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደሞከርኩት

ድንች በውሃ ላበቅል ነው ስላት እማዬ «አፈር ጠፋ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኛ ጋ አፈር አልጠፋም። እኔን የያዘኝ የጠፈር ነገር ነው። እዚያ ድንች ምግብ ብቻ አይደለም፣ ቅጠሉ የሰውን ትንፋሽ ተቀብሎ ኦክስጅን ይመልሳል።

የተጠቀምኩት ቀላል ነው። ጎድጎድ ያለ የፕላስቲክ ትሪ፣ ትንሽ ዘመም ያለ፣ ከላዩ ጥቁር ላስቲክ። ከሥር ባልዲና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ። ማዳበሪያ ያለበት ውሃ በስሱ ሥሩን እያራሰ ወደ ባልዲው ይመለሳል። ናሳ በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ድንች፣ የቱስኬጊ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስኳር ድንች ያበቀሉት በዚሁ ዘዴ ነው።

መጀመሪያ ዩሪያ በጠበጥኩለት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ለካ ዩሪያን ተክሉ ወደሚወደው ናይትሬት የሚለውጡት አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ የእኔ ባልዲ ውስጥ ከየት ይምጡ! ካልሲየም ናይትሬት ያለበት ድብልቅ ስሰጠው ግን ለመለመ፣ እኔም ጉራዬን ነዛሁ። በ60ኛው ቀን ላስቲኩን ስገልጥ ሥር ብቻ። አንድም ድንች የለም። «ጎመን ነው እንዴ የተከልከው?» አለች እማዬ።

ጥፋቱ የእኔ እንክብካቤ ነበር። አምፖሉን በቀን 18 ሰዓት አበራለሁ፣ ውርጩን ፈርቼ ሌሊት ማሞቂያ እለኩሳለሁ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም አይቋረጥም፤ ድንች ደግሞ የሚቋጥረው ሌሊቱ ሲረዝምና ሲቀዘቅዝ፣ ናይትሮጅኑም ቀነስ ሲልበት ነው። ጓሮ ያለው የእማዬ ድንች ይህን ሁሉ በነጻ ያገኛል።

በሁለተኛው ዙር ስድስት ተከልኩ። ብርሃኑን 12 ሰዓት አደረግኩ፣ ማሞቂያውን አወጣሁ፣ በአምስተኛው ሳምንት ለ6 ቀን ናይትሮጅን የሌለው ውሃ ሰጠሁ። ከግንዱ ሥር የሚወጡት ነጫጭ ክሮች ጫፋቸው አተር አተር አከለ። ደስታዬ ግን አልቆየም፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ጠዋት ሁለቱ ደርቀዋል። ይህ ዘዴ መጠባበቂያ የለውም፣ ጠፈር ላይ ቢሆን አስቡት። አሁን መውጫው ላይ ትንሽ ግድብ ሠርቻለሁ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይቀራል።

ከአራቱ 1.3 ኪሎ ለቀምኩ። ላስቲኩ የተቀደደበት ቦታ የነበሩት ብርሃን አግኝተው አረንጓዴ ሆነዋል፣ መርዝ ስላለው ጣልኳቸው። የቀረውን እማዬ ቀቅላ በአዋዜ ቀመሰችው። «ውሃ ውሃ ይላል» አለች፣ ግን ጨረሰችው።

ቀጥሎ ስኳር ድንች ነው። እሱ ሙቀት ይወዳል፣ ስለዚህ ማሞቂያዋ ተመልሳ ልትመጣ ነው።