የክልል ቋንቋን የግዴታ ትምህርት የሚያደርግ ሕግ፦ ከአንቀጽ ወደ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ (የልምድ ማካፈያ)

ያለፈው የአራት ኪሎ የንባብ ክበባችን ማካፈያ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ ነበር የቆመው። አንቀጹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ ያደርጋል፤ የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ልጆች ከአፍ መፍቻቸው ሌላ የትኛውን ቋንቋ፣ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ይማሩ የሚለው ግን ከዚያ በታች ባሉት በአዋጅ፣ በደንብና ከሁሉም በላይ በመመሪያ የሚወሰን ነው። በዚህ ዙር የሕንድ ክልሎች ያወጧቸውን ሕጎች ይዘን፣ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ እንዳለ አንድ ተራ ትምህርት ቤት ልክ ሰፍተን አየናቸው። ሕንድን የመረጥነው ሕጎቹ ዕድሜ ስላላቸው ነው፤ የት እንደተቀደዱ ይታያል። ደግሞም እንደ ሙምባይ፣ ቼናይና ሃይደራባድ ባሉ ከተሞች ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ስለሚኖር ጥያቄዎቹ ከአዲስ አበባ ጥያቄዎች ጋር ይመሳሰላሉ።

መጀመሪያ መለየት ያለበት የማስተማሪያ ቋንቋና የትምህርት ዓይነት ነው። ሁለቱን ያምታታ ረቂቅ ፍርድ ቤት አይዘልቅም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በካርናታካ ጉዳይ ክልሉ ትምህርት ቤቶች በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲያስተምሩ ማስገደድ እንደማይችል ወሰነ፤ ምርጫው የልጁና የወላጁ ነው አለ። ያው ፍርድ ቤት ግን ቀደም ብሎ በ2004፣ ማሃራሽትራ ውስጥ በጉጃራቲ ተናጋሪዎች የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች የክልሉን ቋንቋ ማራቲን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምሩ መገደዳቸውን አጽንቶ ነበር። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሒሳብ በምን ቋንቋ ይሰጥ የሚለውን ሳይነኩ «ይህን ቋንቋም ይማር» ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ አፋን ኦሮሞ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ሲሰጥ የሚነሳው ክርክርም ግማሹ ከዚህ መምታታት የሚመጣ ነው።

ቀጥሎ የሚነበበው የአጀማመር አንቀጽ ነው። የአብዛኛው ሕግ ዕጣ እዚህ ላይ ያልቃል።

የታሚል ናዱ የ2006 ሕግ በአንድ በር ነው የገባው። በ2006/07 ከ1ኛ ክፍል ተጀመረና በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ በ2015/16 10ኛ ክፍል ደረሰ፤ አሥር ዓመት ማለት ነው። ቴላንጋና በ2018፣ ማሃራሽትራ በ2020 ያወጧቸው ሕጎች ደግሞ ሁለት በር ከፈቱ፤ 1ኛና 6ኛ ክፍል በአንድ ዓመት ይጀምራሉ፣ ሁሉም ክፍሎች በአምስት ዓመት ይሸፈናሉ። በወረቀት ላይ ሁለት በር ፈጣን ነው፣ አንድ በር ደግሞ ረጋ ያለና ለልጁ ገር። የመምህር ቁጥር ሲሰላ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ስሌቱ ይኸውና። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው፣ በየክፍሉ አራት ምድብ፣ በየምድቡ 50 ተማሪ የያዘ ትምህርት ቤት እንውሰድ። አዲሱ ቋንቋ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው፣ ሥራው ሲሞላ 8 በ4 በ3 ይባዛና 96 ክፍለ ጊዜ ይመጣል። አንድ መምህር በሳምንት 24 ቢይዝ አራት መምህር ይበቃል። እስከዚህ እዳው ገብስ ነው።

ጉዱ የሚፈላው በመጀመሪያው ዓመት ነው። በአንድ በር ሲጀመር አራት የ1ኛ ክፍል ምድቦች ብቻ ስለሚኖሩ 12 ክፍለ ጊዜ ይወጣል፤ ግማሽ መምህር ማለት ነው። ግማሽ መምህር የሚቀጥር የለም። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ዙሪያውን ያይና ቋንቋውን የሚናገር የስፖርት ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ካገኘ «አንተ ያዘው» ይለዋል። መናገርና ማስተማር ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛ ቋንቋን ለጀማሪ የማስተማር ሥልጠና የሌለው ሰው ልጆቹን ቋንቋውን እንደሚያውቁ ቆጥሮ ይጀምራል፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ፊደል ያስቆጥራል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ደግሞ ሕጉ እስከ መጨረሻው የሚሸከማቸው ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት 2ኛ ክፍል፣ ከዚያ 3ኛ ይሆናሉ፣ ክፍተቱም አብሯቸው ይወጣል።

በሁለት በር፣ ማለትም በ1ኛና በ5ኛ ክፍል ከተጀመረ፣ የመጀመሪያው ዓመት 24 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልክ አንድ ሙሉ መምህር። ሁለተኛው ዓመት 48፣ ሦስተኛው 72፣ አራተኛው 96። በየዓመቱ አንድ ሙሉ መምህር ይቀጠራል፣ በአራተኛው ዓመት ሥራው ይሞላል። እንዲህ የሚገጥመው በአጋጣሚ አይደለም፤ የበሮቹ ቁጥር የሚመረጠው የመጀመሪያው ዓመት ጭነት ሙሉ ሰው እንዲሆን ነው። ምድቡ ሁለት ብቻ በሆነበት ትምህርት ቤት ሁለት በርም ቢከፈት ግማሽ መምህር ይመጣል።

አንድ በር ግዴታ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር መስጠት ይቻላል። ፒያሳ አካባቢ በእግር ስለሚደረስ ቀላል ይመስላል፤ የሚያፈርሰው ግን በአንድ ቀን ሁለቱም ጋ እንዲገኝ ማድረግ ነው። የጠዋቱ ሰልፍ ሲረዝም ወይም ስብሰባ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚታጠፈው የሁለተኛው ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ነው። ቀኖቹ ይለዩ፦ ለመጀመሪያው ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ፣ በቀን አራት ክፍለ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ አንድ፤ ለሁለተኛው ማክሰኞና ሐሙስ፣ በቀን ስድስት። በሁለተኛው ትምህርት ቤት ሁለቱ ምድቦች ማክሰኞ፣ ሁለቱ ሐሙስ ድርብ ክፍለ ጊዜ ያገኛሉ። ድርቡ ለ1ኛ ክፍል ልጅ ስለሚከብድ ሁለተኛው አጋማሽ ለመዝሙርና ለጨዋታ ይተው። መጋራቱ የሚያስፈልገው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በአጠቃላይ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ነው፤ በሙሉዎቹ ጭነቱ ራሱ ይሞላል።

ሁለት በር የራሱ ዋጋ አለው፤ እሱም መጽሐፍ ነው። በ5ኛ ክፍል በር የሚገባው ልጅ ቋንቋውን ጨርሶ ላያውቅ ይችላል፤ የ5ኛ ክፍል መደበኛ መጽሐፍ ቢሰጠው መጀመሪያ ገጽ ላይ ይቆማል። የ1ኛ ክፍሉን መስጠትም አይሆንም፤ የ11 ዓመት ልጅ የድመትና የኳስ ሥዕል ሲያይ ያፍርበታል። ስለዚህ በይዘቱ ለዕድሜው የሚመጥን፣ በቋንቋው ግን ጀማሪ የሆነ ባለ አራት ደረጃ ተከታታይ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ቴላንጋናም አፍ መፍቻቸው የክልሉ ቋንቋ ቴሉጉ ላልሆነ ልጆች ቀለል ያለ መጽሐፍ ለብቻው አዘጋጅታለች። የኅትመት ዕድሜው እንዲህ ይሰላል፦ ደረጃ 1 በ5ኛ ክፍል ከ1ኛው እስከ 4ኛው ዓመት፣ ደረጃ 2 በ6ኛ ክፍል ከ2ኛው እስከ 5ኛው፣ ደረጃ 3 በ7ኛ ክፍል ከ3ኛው እስከ 6ኛው፣ ደረጃ 4 በ8ኛ ክፍል ከ4ኛው እስከ 7ኛው። በ5ኛው ዓመት ከ1ኛ ክፍል ጀምረው የተማሩት 5ኛ ሲደርሱ ደረጃ 1ን የሚፈልግ መደበኛ ተማሪ አይኖርም። እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት መጽሐፉን ከናካቴው ከመጋዘን ማውጣት ነው፤ ከሌላ ክልል ተዛውሮ 7ኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። ጥቂት ቅጂ ለዝውውር ተማሪ ሁልጊዜ ይቀመጥ። ለመጀመሪያው ዓመት የሁለቱ በሮች 400 ተማሪዎች አሉ፤ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 440 መጽሐፍ።

ወደ ክፍሉ ስንገባ፣ አዲሱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ፣ እሱ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ስለሚማር የላቲን ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፤ ችግሩም ማወቁ ነው። ሲን (c) እንደ «ክ» ያነበዋል፣ በቁቤ ግን «ጭ» ነው። ኤክስ «ጥ» ነው፣ ኪው «ቅ»። ፒና ኤች ሲጣመሩ በእንግሊዝኛ «ፍ» ይላሉ፣ እዚህ «ጵ» ናቸው። ዲና ኤች ደግሞ «ዸ»ን ያወጣሉ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ድምፁ ራሱ አዲስ ስለሆነ ከጽሑፉ በፊት በጆሮ ይለመድ። ሲና ኤች፣ ኤስና ኤች ግን በሁለቱም ቋንቋ «ች»ና «ሽ» ስለሆኑ አያስቸግሩም። ቅደም ተከተሉ ይህን ይከተል፦ መጀመሪያ ከእንግሊዝኛው ጋር የሚስማሙት እንደ ቢ፣ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም ያሉት፣ ቀጥሎ አምስቱ አናባቢዎች በአጭር ድምፅ፣ ከዚያ አናባቢዎቹ ሲደረቡ፣ በመጨረሻ ሲ፣ ኤክስ፣ ኪውና ተጣማሪዎቹ። እንግሊዝኛ መምህሩም ይነገረው፤ በአንድ ሳምንት ሁለቱም ሲን ቢያስተምሩ ልጁ ሁለቱንም ያጣል።

በቃል ጽሕፈት ላይ የሚታየው ስህተት በሁለት ይከፈላል። ተነባቢን ደርቦ መጻፍ ቶሎ ይያዛል፤ አማርኛም ሲነገር ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ጆሮው አለ፣ ልጁ የሚማረው የሚሰማውን መጻፍ ነው። አናባቢ ማስረዘም ግን አማርኛ ውስጥ ትርጉም አይለይም፣ ስለዚህ ልጁ አይሰማውም። የሁለቱ ስህተት በአንድ ቀይ እስክሪብቶ መታረም የለበትም፤ የመጀመሪያው በጽሑፍ ልምምድ፣ ሁለተኛው በማዳመጥ ልምምድ ነው የሚስተካከለው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ ጽሕፈት ለጀማሪ አይጠቅምም።

ፈተና። ታሚል ናዱ ላይ ነገሩ የፈነዳው የመጀመሪያዎቹ ልጆች 10ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። አፍ መፍቻቸው ሌላ የሆነ ተማሪዎች «በትምህርት ቤታችን የታሚል መምህር አልተመደበም» ብለው አቤት አሉ፤ የክልሉ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ2016 ፈተና ነፃ አደረጋቸው፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶም በ2023 የአንድ ዓመት እፎይታ ተሰጠ። አሥር ዓመት ሙሉ ያልተመደበ መምህር የማታ ማታ በፈተና ወረቀት ላይ ታየ ማለት ነው። ማሃራሽትራም ኮቪድ ያስተጓጎላቸውን ተማሪዎች ምክንያት አድርጋ በ2023 በሌላ ሥርዓተ ትምህርት በሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ማራቲ ለጊዜው በቁጥር ሳይሆን እንደ ኤና ቢ ባለ የፊደል ውጤት ብቻ እንዲመዘንና ከጠቅላላ ውጤት ጋር እንዳይደመር ፈቀደች። አዲስ አበባ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስላላት ጥያቄው እዚህም አለ። የእኛ አቋም፦ ትምህርቱ በአማካይ ውጤት የሚቆጠረው ምድቡ መምህር ሳይጓደልበት ቢያንስ አራት ዓመት ከተማረ በኋላ ይሁን፣ ይህም መመሪያው ውስጥ ገና ሲጀመር ይጻፍ። ማሳለፍና መጣል ላይ ሳይደመር ግን በካርዱ ላይ ይታይ፤ ካርድ ላይ የሌለ ትምህርት ወላጅ ፊት ዋጋ የለውም፣ ክፍለ ጊዜውም ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይወሰዳል።

ቅጣትን በተመለከተ ሕጎቹ ይለያያሉ። ኬረላ በ2017 በርዕሰ መምህሩ ላይ 5,000 ሩፒ ጣለች፣ ማሃራሽትራ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ላይ እስከ 100,000፤ ፑንጃብ በ2021 መጠኑን ከፍ አድርጋ ለመጀመሪያ ጥፋት 50,000፣ ለሁለተኛ 100,000፣ ለሦስተኛ 200,000 አደረገች። ርዕሰ መምህርን በግል መቅጣት መምህር የመመደብ ሥልጣን በሌለው ሰው ላይ ዕዳ መጫን ነው፤ ለመንግሥት ትምህርት ቤት አይሆንም። ለግል ትምህርት ቤት ግን ቀጣሪው ባለቤቱ ስለሆነ ያስኬዳል። ከቅጣት በፊት ግን በየወሰነ ትምህርቱ የሚላክ አንድ ገጽ ይጠየቅ፦ የታቀደ ክፍለ ጊዜ፣ የተሰጠ ክፍለ ጊዜ፣ ያስተማረው ሰው በምን ተመርቋል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ወይም «ስፖርት» ካለ ችግሩ የት እንዳለ ይታወቃል።

ስለ ክፍለ ጊዜ ምንጭም አንድ ነገር። በቀን ሰባት፣ በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ የሞላበት ሰሌዳ ላይ 3 ሲጨመር ሌላው 3 ይቀንሳል፣ ወይም ቀኑ ይረዝማል። ካየናቸው ሕጎች የትኛው ትምህርት እንደሚቀንስ ስሙን ጠርቶ የሚጽፍ አላገኘንም። መመሪያው ካልጻፈው የሚቀነሰው ሥነ ጥበብና ሙዚቃ ነው፤ ማንም ስለማይጮህላቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ የተጣለ ክፍለ ጊዜም ብዙ ጊዜ ስለሚታጠፍ አዲሱን ትምህርት እዚያ አለማስቀመጥ ነው።

አሁን በእጃችን ያለው የነፃ መሆን አንቀጽ ነው። የክበባችን የመመሪያ ረቂቅ ከ6ኛ ክፍል በኋላ ወደ ከተማዋ የተዛወረ ተማሪ ከፈተና ነፃ እንዲሆን፣ ከክፍል ግን እንዳይቀር ይላል። ይህ እንዲሠራ የመሸኛ ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን መጨመር አለበት፦ ተማሪው ይህን ቋንቋ ስንት ዓመት ተምሯል፣ መጨረሻ የጨረሰው የትኛውን ደረጃ መጽሐፍ ነው። ሳጥኖቹ ከሌሉ ተቀባዩ ትምህርት ቤት የሚመድበው በወላጁ ቃል ይሆናል፤ ወላጅ ደግሞ ነፃ መሆን የሚያዋጣው ከመሰለው ዓመቱን ያሳንሳል። የሰነድ ክፍል ልምድ ያላችሁ የምትጠቀሙበትን የመሸኛ ቅጽ ባዶውን ብታካፍሉን፣ ሳጥኖቹ ከየትኛው መስመር በታች እንደሚገቡ በሚቀጥለው ዙር ሠርተን እናሳያለን።