“አለ” ካልኩህ መቼ ልትጨርስ ነው?

አንድን ቤተሰብ በየጊዜው እየተመለሰ የሚጠይቅ ጥናት ላይ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በታብሌት የላኩትን ማታ ማታ አያለሁ፤ ያልገባኝን አጣራለሁ። በሁለተኛው ዙር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ግራ አጋባኝ። በመጀመሪያው ዙር ሱቅ ነበራቸው፣ የሚያከራዩት ሰርቪስ ነበራቸው፣ ውጭ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ልጅም ነበራቸው። አሁን ሁሉም “የለም” ሆኗል።

የጠረጠርኩት መረጃ ሰብሳቢውን ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ ካፌ ቁጭ ብሎ መጠይቅ የሚሞላ አይጠፋም። የታብሌቱን ጂፒኤስ ሳየው ግን መረጃ ሰብሳቢው ቤታቸው ድረስ ሄዷል። በማግስቱ አብረን ሄድን።

ሴትዮዋ ያነጋገሩን እዚያው ሱቃቸው ውስጥ፣ ሳሙና እየሸጡ ነው።

“እትዬ፣ ሱቁ የለም ተብሎ ነው የተመዘገበው እኮ” አልኳቸው።

ሳቁ። “ባለፈው ‘አለ’ ብዬ አይደል እስከ ምሳ ያስቀመጣችሁኝ? ስንት አተረፉ፣ ዕቃውን ከየት አመጡ፣ ማን ያግዝዎታል… አሁንም ‘አለ’ ካልኩህ መቼ ልትጨርስ ነው ልጄ?”

ልክ ናቸው። መጠይቁ እንደዚያ ነው የተሠራው። አንድ “አለ” አንድ ገጽ ጥያቄ ይከፍታል፤ “የለም” ደግሞ ያዘልላል። ይህን ለማወቅ አንድ ዙር ይበቃል። የሚገርመው፣ እኛ ቢሮ ውስጥ የምንጨነቀው በሩን ስለዘጋው ሰው ብቻ ነው። የእትዬ ቤት ሪፖርቱ ላይ “የተሟላ” ተብሎ ነው የገባው።

በር የሚዘጋም እየበዛ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ለቃለ መጠይቅ ከተመረጡት ወንዶች 94 በመቶው ተጠይቀዋል፤ በ2016 ግን 86 በመቶው ብቻ። ሴቶቹ ከ98 ወደ 95 ነው የወረዱት። በእርግጥ ወንዶቹ ሁሉ እምቢ ብለው አይደለም፤ ብዙዎቹ ቤት አይገኙም። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በስልክ ከሚፈልጋቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 36 በመቶው መልስ ይሰጡ ነበር፤ በ2018 6 በመቶ ቀሩ። እዚያ ሰው የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም።

እኛ ሰፈር ምክንያቱ ሌላ ነው። ስም ሲጻፍ አንድ ነገር ይመጣል ተብሎ ይታሰባል፦ እርዳታ፣ ቤት፣ ሥራ። አንዳንድ መረጃ ሰብሳቢም ይህን ሲሰማ ዝም ይላል፤ ሥራው ይቀልለታላ። “20 ደቂቃ ብቻ” ይልና ሁለት ሰዓት ይወስዳል። የታሰበው ሳይመጣ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው በዓመቱ የሚመጣው ሌላው መረጃ ሰብሳቢ ነው፤ በሩ የሚዘጋው በሱ ላይ ነው። እንደ እትዬ በሳቅ የሚነግርህ ስታገኝ ዕድለኛ ነህ።

ለሦስተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን አስቀየርን። መጀመሪያ “አለዎት ወይ?” የሚሉት በሙሉ ይጠየቃሉ፤ ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እትዬ ሱቁንም ሰርቪሱንም “አለ” አሉ። የሰዓቱን ነገርም እውነቱን እንድንናገር ተስማማን። አንዳንዱ ገና ሲሰማ “ይቅርብኝ” አለ፤ ቢያንስ ያ በእምቢታ ተመዘገበ።

ያልተሳካልኝ ጥያቄ ማስቀነሱ ነው። ጥናቱን ያሠሩት ሰዎች ጋ ስብሰባ ገብቼ፣ “የኩሽናው ጣሪያ ከምን ተሠራ?” የሚለውን እስካሁን ማን ተጠቀመበት ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልመለሰም። ጥያቄው እንዳለ ነው፤ ስለ ግድግዳውም ተጨምሯል።