ቀይ ባሕር በታወከበት ሰሞን ከቱርክ ዕቃ ሳስመጣ

ይህን የምጽፈው ለኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ደብረ ማርቆስ ትንሽ የዱቄት ፋብሪካ አለኝ። ስንዴ የሚፈጨው ሮለር ጥርሱ በተሞረደ ቁጥር እየሳሳ መጥቶ አለቀና አዲስ ከቱርክ አዘዝኩ። ፕሮፎርማ፣ የምንዛሪ ወረፋ፣ ኤልሲ (ትክክለኛ ሰነድ ሲቀርብ ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ ባንክ የሚገባው ቃል)። ይሄን አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል፣ አልዘረዝርም።

ጊዜው ክፉ ነበር። በህዳር 2016 ዓ.ም የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀመሩ። ካርታ አውጥታችሁ እዩት። ጅቡቲ ወደብ የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር ከሆነው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ነው፤ ከቻይና የሚመጣ መርከብ ያቺን ጠባብ በር ሳያልፍ ይደርሳል። ከቱርክ የሚመጣው ግን በስዊዝ ቦይ ወርዶ በሩን ማለፍ አለበት። ስለዚህ የኔ ኮንቴይነር በጅብራልታር ወጥቶ፣ አፍሪካን ዞሮ፣ ኦማን ሳላላ ላይ ሌላ መርከብ ቀይሮ መጣ። «ምነው ከቻይና ብታዝ» ያሉኝ አልጠፉም። ማሽኑ የቱርክ ነዋ!

መዘግየቱን ቻልኩት። ያቃጠለኝ ባንኩ ነው።

ኤልሲው ሲከፈት «ትራንሺፕመንት አይፈቀድም»፣ ማለትም ዕቃው መንገድ ላይ መርከብ አይቀይርም፣ ብለው ጻፉበት። ለምን ብዬ ጠይቄ ነበር፤ «ለርስዎው ደህንነት ነው» ተባልኩ። በኋላ ሰነዱ ሲመጣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የመርከብ ድርጅቱ የጭነት ሰነድ፣ ላይ ሳላላ የሚል አለ። ግድፈት ነው ተባለና ሰነዱ ተያዘ። እንግዲህ ኤልሲ የሚመራበት ዩሲፒ 600 የሚባል ደንብ አለ፤ ከ2007 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሠራ። አንቀጽ 20 ዕቃው በኮንቴይነር ከተጫነና ጉዞው ሁሉ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ከተሸፈነ፣ ኤልሲው ቢከለክል እንኳ ሰነዱ ተቀባይነት አለው ይላል። አንቀጹን አትሜ ይዤ ሄድኩ። የባንኩ ሠራተኛ ልጅ አየችውና «ጋሼ፣ እኛ የምናየው ሲስተሙ ላይ ያለውን ነው» አለችኝ። እሺ፣ ግድፈቱን ተቀብያለሁ ብዬ ልፈርም አልኩ። እሱንም ዋናው መሥሪያ ቤት ይወስን ተባልኩ።

ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። ያን ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ሲከፈት ደግሞ ዓባይ በረሃን ወርዶ ጎሃ ጽዮን እስኪወጡ ልብ አይረጋም። ዳታም ስለጠፋ የቱርኩን ኢሜይል የሚያነብልኝ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነበር። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ተቀምጧል፣ ኦሪጅናል ሰነድ ከባንክ ካልወጣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣልኝ ትራንዚተር ምንም ማድረግ አይችልም፣ ሒሳቡ ግን በየቀኑ ይቆጥራል። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ያችኑ አንቀጽ አነበበና ለቀቀው። ዲመሬጁን፣ ኮንቴይነሩ ለቆየበት የሚጠየቀውን ክፍያ፣ ማን ይክፈል? እኔው ከፈልኩ። ይቅርታ እንኳ ያለኝ የለም።

እንግዲህ ምክሬ። ባንክ «ትራንሺፕመንት መከልከል ይጠብቅዎታል» ቢላችሁ አትስሙ። መርከብ መንገድ በሚቀይርበት ዘመን የሚጠብቀው ባንኩን ብቻ ነው። የኤልሲውን ማብቂያ ቀን ረዘም አድርጉት። ተራው የባሕር ኢንሹራንስ የጦርነት አደጋን አይሸፍንም፣ ለብቻው ይገዛል። ዕቃ አትከፋፍል፣ በአንድ ኮንቴይነር ይረክሳል የሚሉ አማካሪዎች አሉ። ለነሱ ይርከስላቸው! እናንተ ከፋፍሉት፤ ኩሽኔታና ቺንጋ በአውሮፕላን ቢመጣ ውድ ነው፣ የቆመ ፋብሪካ ግን ከሱም ይወደዳል። መርከቡ በዚህ ቀን ይደርሳል ሲሏችሁ ደግሞ ለሠራተኛም ለደንበኛም አትንገሩ፤ እኔ ነግሬ ዳቦ ቤቶቹ መሳቂያ አደረጉኝ።

አሁን ሮለሩ ይሠራል፣ ዱቄቱም እንደ ድሮው ነጭ ነው። ይኼኛው ገና ደህና ሳለ ሁለተኛ ጥንድ አዝዣለሁ። ኤልሲው ላይ «ትራንሺፕመንት ይፈቀዳል» የሚለውን አጠገቧ ቆሜ አስጽፌያለሁ። ያችው ልጅ ናት የጻፈችው።