156,990 ሰው በአንድ ሜዳ

ከጥምቀት ሌላ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦልም (ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ) በታሪኩ ይህን ያህል ተመልካች አላየም!

ብሪስቶል የመኪና እሽቅድምድም ቦታ ነው፤ ቴነሲ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ ድንበር ላይ። ጳጉሜ 5 ቀን 2008 መሐሉ ላይ ሜዳ ተዘርግቶ የቴነሲና የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ተጋጠሙ። በወንበሮቹና በሜዳው መካከል የመኪናው መሮጫ ስላለ ተጫዋቾቹ ይርቃሉ፤ አብዛኛውን ያየሁት ከላይ በተንጠለጠለው ግዙፍ ስክሪን ነው። ለእይታ አይመችም፣ እውነቱን ለመናገር። ድምፁ ግን! ሕዝቡ ሲጮህ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

የእኛዎቹ ቨርጂኒያ ቴኮች 14 ለ 0 መርተው፣ ኳስ ከእጃቸው እየጣሉ 45 ለ 24 ተሸነፉ። አንጀቴ አርሯል።

ወጥተን ለእማዬ «እንኳን አደረሰሽ» ልል ስደውል አዲስ አበባ መስከረም 1 ነግቷል። «ይሄ ሁሉ ጩኸት ምንድነው ልጄ?» አለችኝ።