ከኮቴ ኪስ የወጣች ወረቀት

ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁም ሣጥኔን ላጸዳ ተነሣሁ። የማልለብሳቸውን ልብሶች ለይቼ ለሰው ልሰጥ ነበር ሐሳቤ። ከአንድ አሮጌ ጥቁር ኮት የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ወጣች። ጽሑፏ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው። ስሜ በስህተት ተጽፏል። የፍተሻው ቀንና ሰዓት አለ። የለበስኩት ልብስ አለ። ዘር በሚለው ሳጥን ውስጥ አንዲት ኮድ ተሞልታለች። የፍተሻው ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ደግሞ በችኮላ “አንቀጽ 44” ተብሏል። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም።

ልብሱን ትቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ጊዜው 2008 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ ስኖር ለምዶብኝ ነው።) ለንደን ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙኝ። ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼባቸው መሰለኝ። አልነበረም። አንደኛው በትሕትና “በምንም ነገር አልተጠረጠርክም” አለኝ። ቦርሳዬን ከፈተ። የምሳ ዕቃዬን ክዳን ሳይቀር አንሥቶ አየ። የማታ ምስር ወጥና እንጀራ ነበር። ሰው በግራና በቀኝ እያየኝ ያልፋል። ከዚያ ወረቀቷን ሞልቶ ሰጠኝና አመሰገነኝ። እኔም አመሰገንኩት።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ።

“ምን አድርገህ ነው ልጄ?” አለች።

“ምንም አላደረግሁም።”

“ታዲያ ምን ብለው ፈተሹህ?”

“አልተጠረጠርክም ብለው።”

ዝም አለች። የስልኩ ካርድ እየቆጠረ ነበር። ቆይታ “እዚያም እንዲህ ነው እንዴ?” አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ድምፅዋን ግን አልረሳውም። እኔን ወደዚህ ለመሸኘት የአንገት ወርቋን የሸጠች ሴት ናት።

ያቺ አንቀጽ 44 የ2000ው የብሪታንያ የፀረ ሽብር ሕግ ውስጥ የነበረች ናት። ፖሊስ ሰው ለመፈተሽ በቂ ጥርጣሬ ሊኖረው ይገባል የሚለውን የቆየ ደንብ ታነሣ ነበር። አንድ አካባቢ በአዛዥ ፈቃድ ከተከለለ፣ እዚያ ያለፈ ሁሉ ያለ ጥርጣሬ ሊፈተሽ ይችል ነበር። ፈቃዱ ከ28 ቀን አይበልጥም ነበር። በወረቀት ላይ ጥሩ ልጓም ይመስላል። ነገር ግን መላው ለንደን ተከልሎ፣ ፈቃዱ በየ28 ቀኑ እየታደሰ ለዓመታት ዘለቀ። ብዙው ሕዝብ በዚህ ክልል ውስጥ እንደሚኖር እንኳ አያውቅም ነበር። እስከ መጋቢት 2010 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በዚህ አንቀጽ ተፈትሿል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ በሽብር ተጠርጥሮ የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። በጥር 2010 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አንቀጹ የሰውን የግል ሕይወት የመከበር መብት ይጥሳል ብሎ ፈረደ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ፍተሻው ብቻ አይደለም። ማመስገኔ ነው። ባደግሁበት አገር ፖሊስ ሲያስቆምህ ምን እየተደረገብህ እንደሆነ ታውቃለህ። እዚህ ነገሩ ለስልሶ፣ ቅጽ ተሞልቶለት፣ በአክብሮት ይመጣል። በደል መሆኑን የምታውቀው ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነው።

ያ ዘመን ደግሞ የለሰለሰ ቃል ዘመን ነበር። መስከረም 11፣ 2001 የኒውዮርክ ሕንፃዎች እየነደዱ ሳለ፣ አንዲት የለንደን የመንግሥት አማካሪ ለባልደረቦቿ ኢሜይል ላከች። ሊቀበር የሚፈለግ ዜና ካለ ዛሬ ጥሩ ቀን ነው የሚል ነበር። በዓመቱ የጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር መንግሥት ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ የተጻፈውን ዶሴ አወጣ። ሳዳም የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያውን በ45 ደቂቃ ሊያሰናዳ ይችላል ተባለ። በማግስቱ ጋዜጦች ላይ ጎልቶ የወጣው ያው 45 ደቂቃ ነው። ነገሩ በአጭር ርቀት የሚተኮስ የጦር ሜዳ መሣሪያን የሚመለከት መሆኑን ሕዝቡ የሰማው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። የኢራቅን ጦርነት የመረመረው የቺልኮት አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርቱን ሲያወጣ 2016 ደርሶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከሁሉ ይበልጥ አእምሮዬ ውስጥ የቀሩት ዋልተር ዎልፍጋንግ ናቸው። ሽማግሌው 82 ዓመታቸው ነበር። በልጅነታቸው ከናዚ ጀርመን ሸሽተው የመጡ፣ የብሌር ፓርቲ የሆነው የሌበር ፓርቲ የረጅም ዘመን አባል ናቸው። በመስከረም 2005 ብራይተን ላይ በፓርቲው ጉባኤ ተቀምጠው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለ ኢራቅ ሲናገሩ “ይሄ ከንቱ ነው!” ብለው ጮኹ። የጉባኤው ሥርዓት አስከባሪዎች እኒያን አዛውንት ከወንበራቸው አንሥተው አወጧቸው። ቴሌቪዥን ላይ አይቼዋለሁ። ሁለት ጎረምሶች በትከሻና በክንዳቸው ይዘዋቸዋል። ተመልሰው ሊገቡ ሲሉ ደግሞ ፖሊስ ያስቆማቸው በዚሁ በፀረ ሽብር ሕግ ነው። ፓርቲው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌውም በማግስቱ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ያን ሕግ ያወጡት የምክር ቤት አባላት ግን አንድ አዛውንት “ከንቱ ነው” ሲሉ ይያዙበታል ብለው አስበው ነበር? አይመስለኝም። ሰፊ ሆኖ የተሰፋ ልብስ ሁሉም ይለብሰዋል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በ2009 የእኛ አገር የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 652። ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች እየታሰሩ ወቀሳ ሲበዛ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2012 መጀመሪያ ላይ ፓርላማ ቆመው መልስ ሰጡ። ሕጉን ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከአውሮፓ ምርጥ ሕጎች ቃል በቃል ነው የቀዳነው አሉ።

እኔም የሁለቱን አገሮች ሕግ በወረቀት አወጣሁና ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። የእንግሊዙ የ2006 ሕግ፣ ሽብርን ማበረታታት የሚል ወንጀል አለው። አድማጩ ወይም አንባቢው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንደ ማበረታቻ ሊረዳው የሚችለውን ነገር ያወጣ ሰው ይጠየቅበታል። የእኛ አዋጅ አንቀጽ 6 ያንኑ ይላል። እያሰመርኩ ሄድኩ። ገጹ ቀላ። ቅጣቱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እንግሊዝ አገር ያን ጊዜ ቢበዛ 7 ዓመት ነበር። እኛ ጋ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። እስክንድር ነጋ በዚያው አዋጅ በሐምሌ 2012 የ18 ዓመት እስር ተፈረደበት።

ሁለቱ አገሮች አንድ ናቸው አልልም። ብሌር አንድን ሰው ያለ ክስ 90 ቀን ልሰር ሲል፣ በኅዳር 2005 ምክር ቤቱ 322 ለ291 በሆነ ድምፅ ጣለበት። ከጣሉት መካከል የገዛ ፓርቲው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በፊትም በ2004 የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች የውጭ ዜጎችን ያለ ፍርድ ማሰርን 8 ለ1 ተቃውመው ፈርደዋል። ሎርድ ሆፍማን የተባሉት ዳኛ ለሕዝቡ ሕይወት እውነተኛው አደጋ ሽብር ሳይሆን እንዲህ ያሉት ሕጎች ናቸው አሉ። እኔ ወረቀቷን የያዝኩበትም አንቀጽ ተሽሯል። ይሄ ሁሉ ልጓም ነው። አዋጁ ወደ አዲስ አበባ ሲቀዳ ግን ቃሉ ነው የተሻገረው፤ 90 ቀኑን የጣለው ምክር ቤትና እንዲህ የሚናገሩት ዳኞች እዚሁ ቀሩ። ያ አዋጅ የተሻረው በ2020 ነው። እስከዚያ ስንቱ ቤት ተዘጋ።

ለዚህ ነው እዚህ አገር አዲስ የጸጥታ ሕግ በመጣ ቁጥር ለምክር ቤት አባላችን የምጽፈው። ጓደኞቼ “አንተ ምን አገባህ፣ ፓስፖርትህን ይዘሃል” ይሉኛል። ያገባኛል። እዚህ የላላ ቃል፣ ይህን ሰፈር የማያውቀው የአገሬ ልጅ ላይ እንደ ገመድ ይጠብቃል። ገጹን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

መሽቷል። ኮቱን ከሌሎቹ ልብሶች ጋር ከረጢት ውስጥ አስገባሁት፤ ነገ ይሄዳል። ወረቀቷን ፓስፖርቴ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አኖርኳት። ከማስቀመጤ በፊት ግን እስክሪብቶ አንሥቼ፣ በስህተት የተጻፈውን ስሜን ሰርዤ ትክክለኛውን ከላዩ ጻፍኩበት።