ለድራይቭ የሚሆን ኬብል፦ ጎንደር ላይ እንዴት መረጥኩ፣ እንዴትስ አሰርኩ

ጎንደር ውስጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ላይ ለ22 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር ድራይቭ (የሞተሩን አነሳስና ፍጥነት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ገጥሜያለሁ። ሞተሩ በስታር ዴልታ (የጥቅልሎቹን አያያዝ እየለወጠ ሞተሩን በሁለት ደረጃ በሚያስነሳው የድሮ ዘዴ) በተነሳ ቁጥር የግቢው መብራት ሁሉ ድንግዝግዝ ይል ስለነበር ባለቤቱ ተማረው ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ስስ ሲሆን ድራይቭ በደንብ አይቀዘቅዝም። ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር ወዲያ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ከአቅሙ ቀንሱ ይላሉ። ስለዚህ የ30 ኪሎዋት ድራይቭ አስገዛሁ። የሞተሩን ኬብል ግን የመረጥኩት ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ታርጋ ላይ ባለው አምፒር ነው። 43 አምፒር ይላል፤ 10 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይበቃዋል።

«አንተ ልጅ፣ የድሮው ኬብል እያለ ሌላ ለምን ታስገዛኛለህ?» አሉኝ ባለቤቱ።

እውነታቸውን ነው፣ የኬብል ዋጋ ቀላል አይደለም። «ጋሼ፣ ኬብሉ ደህና ነው፤ ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍን የብረት መረብ፣ ሺልድ ግን የለውም» አልኳቸውና ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው።

ድራይቭ ወደ ሞተሩ የሚልከው በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ፣ ከ500 ቮልት በላይ የሆነ ምት ነው። ኬብሉ ሲረዝም ምቱ ሞተሩ ጋ ደርሶ ይነጥርና ቮልቴጁ እስከ እጥፍ ይወጣል። የሞተር ጥቅልል የሚጎዳው በዚህ ነው። ድራይቩ ያለበትን ቦርድ ከዋናው በር አንስተን ወፍጮው አጠገብ፣ ብናኝ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ የሰቀልነውም ኬብሉ እንዲያጥር ነው።

በየምቱ የሚያፈተልክ ከረንትም አለ። በሺልዱ በኩል መመለሻ ካላገኘ በሞተሩ ኩሽኔታ በኩል ያልፋል። እንዲህ ያለቀ ኩሽኔታ ፈትቼ አይቻለሁ፤ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቦይ እንደ ቆርቆሮ ተሸንትሯል።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ሺልዱ አስተሳሰር ላይ ነው። ብዙዎች ጠምዝዘው እንደ አንድ ሽቦ ያስሩታል። ለእንዲህ ያለ ፈጣን ምት ግን ያቺ ቀጭን ጭራ ጠባብ መንገድ ናት። እኔ የላይኛውን ፕላስቲክ ሁለት ጣት ያህል ገፈፍኩ። የቦርዱን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩ። ከዚያ ሺልዱን ዙሪያውን በሚጨብጥ የብረት ክላምፕ አጣበቅኩት። ሞተሩ ጋም በብረት ግላንድ (ኬብሉ ወደ ሳጥኑ የሚገባበት ማጥበቂያ) እንዲሁ አደረግኩ። ኧርዙ (የመሬት ሽቦው) ለብቻው ታስሯል። የሴንሰሮቹን ሽቦ ከዚህ ኬብል 30 ሳንቲሜትር ያህል አራቅኩት፤ መሻገር ግድ ሲሆንም ቀጥ ብሎ በመስቀል እንዲያልፍ አደረግኩ።

የስታር ዴልታው ስድስት ሽቦ ቀርቶ ሦስት ሆነ። ታርጋው 380/660 (በዴልታ 380፣ በስታር 660 ቮልት) ስለሚል የሞተሩን ሳጥን ከፍቼ ማገናኛዎቹን በዴልታ አሰርኩ።

ኬብሉንና ሞተሩን በሜገር (የሽቦ ሽፋን ደህንነትን በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚፈትሽ መለኪያ) የለካሁት ከድራይቩ ጋር ሳላገናኛቸው በፊት ነው፤ ሜገር ድራይቭ ያቃጥላል። መብራት ኃይል አር፣ ኤስ፣ ቲ በተባሉት የድራይቩ ማሰሪያዎች ይገባል፤ ሞተሩ በዩ፣ ቪ፣ ደብሊው ይወጣል። ይህ ቢገላበጥ ድራይቩ አለቀለት። ክዳኑን መልሶ ለመክፈት ደግሞ ብሬከር ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ድራይቩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ መጠበቅ፣ ከዚያም የቀረውን የዲሲ ቮልቴጅ በሜትር ለክቶ ዜሮ መድረሱን ማየት ነው።

አሁን ወፍጮው ሲነሳ አምፖሉ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ለማበጠሪያው ሞተርም ድራይቭ አስበዋል። እሱ 7.5 ኪሎዋት ስለሆነ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃዋል። ሺልዱ ግን አይቀርም፤ ጋሼም ተስማምተዋል።